ለጀማሪ የሚሸጠው የአልኬሚ ማንጠሪያ ስብስብ፦ መስታወቱ ጥሩ፣ መመሪያው ጎዶሎ

በኦንላይን ገበያ ለአልኬሚ (ነገርን በእሳት እየለያዩ የማጥራት ጥንታዊ ጥበብ) ጀማሪዎች የሚሸጠው ሳጥን ከሻጭ ሻጭ ብዙም አይለያይም። 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ክብ ፍላስክ፣ 250 ሚሊ ሊትር መቀበያ፣ ትነቱን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ የሚመልስ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቱቦ (ኮንደንሰር)፣ ቴርሞሜትር የሚገባበት አናት፣ ክሩሲብል የምትባል እሳት የምትችል አንዲት ትንሽ ማቃጠያ፣ በአልኮል የሚሠራ ኩራዝ እና ቀጭን መመሪያ አለው። ማስታወቂያው ተክሉን እያጠራችሁ ራሳችሁን ታጠራላችሁ ይላል። ይህን ተስፋ ከልቡ የሚወስድ ገዢ ዕቃው ለዚህ ይበቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። መስታወቱ ይበቃል። ኩራዙን ወዲያ በሉት። መመሪያው ግን የሥራው እምብርት የሆነውን ማቃጠልን በሁለት መስመር ጨርሶ ያልፈዋል፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ይህ መንገድ ስፓጂሪክ ይባላል፤ ስሙም ሥርዓቱም ከስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ከፓራሴልሰስ (1493–1541) ጋር የተያያዘ ነው። በእሱ አስተሳሰብ ማንኛውም ነገር ድኝ፣ ባዜቃና ጨው አለው። በተክል ላይ ድኙ መዓዛውና ዘይቱ፣ ባዜቃው አልኮሉ፣ ጨው ደግሞ ከአመዱ የሚወጣው ነው፤ ነፍስ፣ መንፈስና ሥጋ ማለት ነው። ሦስቱ ይለያያሉ፣ ለየብቻ ይጠራሉ፣ መልሰው ይዋሐዳሉ። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ በ1928 የቻይና ጽሑፎች ተርጓሚው ሪቻርድ ቪልሄልም የላከለትን የቻይና የአልኬሚ ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ወደ አልኬሚ ተሳበ፤ በ1944 ባሳተመው ሥራም አልኬሚስቶቹ የገዛ ነፍሳቸውን ጉዳይ ሳያውቁት በፍላስኩ ውስጥ ይመለከቱ እንደነበር አስረዳ። በእሱ ንባብ የሥራው ደረጃዎች የሆኑት ቀለማት ትርጉም አላቸው፦ ጥቁረቱ (ኒግሬዶ) ሰው ከሸሸው ማንነቱ ጋር መፋጠጡ፣ ንጣቱ (አልቤዶ) መጥራቱ፣ ቅላቱ (ሩቤዶ) የጠራው ነገር ተመልሶ ወደ ሕይወት መግባቱ ነው። ዩንግ የሠራው በጽሑፍና በሕልም ነበር። በምድጃ የሚሠሩት ግን ጸሎትንና ሥራን አይለዩም፤ በ1677 በፈረንሳይ ላ ሮሼል የታተመው ቃል አልባ የአልኬሚ መጽሐፍ በ15 ሥዕሎቹ መካከል ወንድና ሴት በምድጃው ግራና ቀኝ ተንበርክከው ሲጸልዩ ያሳያል።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ፍላስኩ ላይ «ቦሮሲሊኬት 3.3» የሚል ከሌለ አትግዙት፤ ተራ መስታወት የሙቀት ለውጥ አይችልም። መለዋወጫ ስትገዙ የመጋጠሚያውን ቁጥር ተመልከቱ፤ የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው ርዝመቱ ነው። 24/40 ከ24/29 ጋር ይገጥማል፣ ልዩነታቸው ርዝመት ብቻ ነው፤ 29/32 ግን ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣውን የሲሊኮን ቅባት ተዉትና የቴፍሎን ሽፋን ተጠቀሙ፤ የምትቀምሱት ነገር ውስጥ ቅባት እንዳይገባ።

የፍላስኩ መጠን ለአልኮል ይበቃል፣ ለዘይት ግን ያንሳል። 50 ግራም ቅጠል በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ብትቀቅሉበት አረፋው ተነስቶ ቅጠሉን ወደ ኮንደንሰሩ ይገፋዋል። ቢሳካ እንኳ ከ50 ግራም ደረቅ የጥብስ ቅጠል የሚወጣው ዘይት 1 ሚሊ ሊትር ላይሞላ ይችላል፤ እሱም መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ስብስብ ዘይቱን ለብቻ ለማውጣት አትድከሙ፤ በአልኮል መዘፍዘፍ ይሻላል።

ኩራዙ ለምን ይጣላል? የአልኮል ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ጠረጴዛው ላይ እየተንፏቀቀ ሄዶ እሳት ይፈልጋል። ፍላስኩን ውሃ ባለው ድስት ውስጥ አስቀምጡና ድስቱን በኤሌክትሪክ ምድጃ አሙቁ፤ መስኮት ክፈቱ። ከግማሽ በላይ አትሙሉ፣ ድንገት እንዳይገነፍል ጥቂት የሸክላ ስባሪ ጨምሩ። ቀዝቃዛው ውሃ በኮንደንሰሩ ታች ገብቶ በላይ ይውጣ፤ ከተገላበጠ ቱቦው አይሞላም፣ ትነቱም ሳይቀዘቅዝ ያመልጣል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለ 20 ሊትር ባልዲ ውሃ ከበረዶ ጋርና የዓሣ ገንዳ ትንሽ ፓምፕ ይበቃሉ። መቀበያው በኩል አየር መውጫ ይኑር፤ የተደፈነ መስታወት ይፈነዳል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ደግሞ ትነቱ ወደ ጎን ከሚታጠፍበት ቀዳዳ ትንሽ ዝቅ ይበል፤ ከፍ ካለ የሚያነበው ስህተት ነው።

መመሪያው «78 ዲግሪን ጠብቁ» ይላል። ይህ ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ንጹህ አልኮል በ71 ዲግሪ ገደማ፣ ውሃም በ92 ገደማ ይፈላል። 40 ከመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ሲፈላ አናቱ ላይ የሚነበበው ከ71 ከፍ ብሎ ይጀምርና እየጨመረ ይሄዳል፤ ስለዚህ 78ን እንደ ምልክት አትጠብቁ። ከ250 ሚሊ ሊትር መጀመሪያ የሚወጣውን 110 ያህሉን ያዙ፤ በሰከንድ አንድ ሁለት ጠብታ ከሆነ ፍጥነቱ ደህና ነው። ሦስት ዙር ለአንድ ዝፍዝፍ የሚበቃ ጠንካራ አልኮል ይሰጣል። መነሻው የታወቀ፣ የሚጠጣ አልኮል ብቻ ይሁን። የእጅ ማጽጃና የማቃጠያ አልኮል ሜታኖል የሚባል መርዛም አልኮል ሊኖርባቸው ይችላል፤ በዚህ ዕቃ ማንጠር ደግሞ ሜታኖልን አያስወግድም። የየአገሩን ሕግም አስቀድሞ ማየት ግድ ነው። በሳዑዲና በኩዌት ለምትኖሩ አልኮል ክልክል ስለሆነ ይህን ስብስብ ጨርሶ አትዘዙ።

ለዝፍዝፉ 50 ግራም ደረቅ የጥብስ ቅጠል ለ250 ሚሊ ሊትር፣ 60 ወይም 70 ከመቶ ለሆነ አልኮል። ክዳኑ የሚጠብቅ ማሰሮ፣ ጨለማ ቦታ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት፣ በየቀኑ አንዴ መነቅነቅ። ከአልኮሉ በላይ የወጣ ቅጠል ይጠቁራልና ሁሉም ይስመጥ። ከዚያ በነጠላ ጨርቅ ጨምቁት። ፈሳሹ ይቀመጥ፣ አተላውን ግን እንዳትጥሉት።

አሁን መመሪያው ወደ ዘለለው። አተላውን አስቀድማችሁ በአየር ላይ አድርቁ፤ አልኮል እንደያዘ እሳት ከነካው ቦግ ይላል። ከቤት ውጭ፣ በከሰል ምድጃ፣ በማይዝግ ብረት ወይም በሸክላ ዕቃ አቃጥሉት። አሉሚኒየም በዚህ ሙቀት አይታመንም፤ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ደግሞ መርዛም ጭስ ያወጣል። ክሩሲብሏ ጠባብ ስለሆነች ለመጨረሻው ማጥሪያ አቆዩዋት። ጭሱ ይከረፋል፣ መዓዛው የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ የሚቀረው ጥቁር ከሰል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ ወይም ቶሎ ለመጨረስ እሳቱን በማራገቢያ ያጋግላል። ችግሩ ያኔ ይጀምራል። በሞቀ ቁጥር ጨዉ ይለሰልስና የአመዱን ቅንጣቶች ያጣብቃል፤ ጥቁሩ ከውስጥ ይታሸጋል፣ አየር ስለማያገኝ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቢነድም አይነጣም። መድኃኒቱ አውጥቶ ማቀዝቀዝ፣ በሙቀጫ ማላም፣ ከ450 እስከ 550 ዲግሪ ባለ ለስላሳ እሳት ለብዙ ሰዓት መመለስ ነው። ምድጃው በጨለማ ደብዘዝ ያለ ቅላት ብቻ ካሳየ ልክ ነው። ላማችሁ መልሳችሁ፣ ላማችሁ መልሳችሁ፣ ቀለሙ ከጥቁር ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ አመድማ ነጭ ይሄዳል። በራሱ ላይ ለመሥራት የገዛ ሰው የሚፈልገውን ትምህርት እዚህ ያገኛል፤ ምክንያቱም ትዕግሥት ማጣቱን እሳቱ ራሱ ወዲያው መልሶ ያሳየዋል፣ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ከ50 ግራም የሚቀረው አመድ 3 ወይም 4 ግራም ነው። በ40 ሚሊ ሊትር የሞቀ የተጣራ ውሃ በጥብጡት፣ በቡና ማጥለያ ወረቀት ሁለቴ አሳልፉት፣ ንጹሁ ውሃ ሳይፈላ ቀስ ብሎ ይትነን። ድስቱ ግድግዳ ላይ ነጭ ቅርፊት ይቀራል፤ አንድ ግራም ካገኛችሁ ደህና ነው። ዋናው ክፍሉ ፖታሲየም ካርቦኔት ስለሆነ እርጥበት ይስባል። በክረምት አንድ ሌሊት ክፍቱን ካደረ ጠዋት ውሃ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ጨዉን ወደ ፈሳሹ ስትጨምሩ ሁሉም ላይሟሟ ይችላል፣ የቀረው ታች ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ከአልኮሉ ውሃ ስቦ ከታች ሌላ ንብርብር ይሠራል። ገዢዎች በአስተያየት መስጫ ላይ «ተበላሸብን» የሚሉት ይህንን ነው። አልተበላሸም፤ ጨዉ ከአልኮል ጋር ያለው ጠባይ ነው። አሽጋችሁ፣ ጥቂት የአየር ቦታ ትታችሁ፣ ለብ ባለ ቦታ ለሳምንታት አቆዩት። የደረቀው ጨው ለብቻው ቆዳና አፍ ያቃጥላል፣ አትቅመሱት። ውህዱንም ነፍሰ ጡርና የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አይንካው፤ የጥብስ ቅጠል ውስጥ የሚጥል በሽታን ሊቀሰቅስ የሚችል ካምፈር የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ለሌላውም ቢሆን መድኃኒት አይደለም።

ሻጮች ሳጥኑ ውስጥ ደብተር ቢጨምሩ ኖሮ ከኩራዙ በብዙ ይጠቅም ነበር። ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ ሙቀት፣ ሰዓት፣ ቀለም፣ መጠን፤ በቀኝ የዚያን ሌሊት ሕልም፣ ንዴት፣ መሰላቸት፣ የመጣ ሐሳብ። ቀኙን በዕለቱ አትተርጉሙት፤ ሥራው ሲያልቅ ከግራው ጋር ጎን ለጎን ይነበብ። ከባድ ድባቴ ውስጥ ያለ ወይም የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው ይህን ለብቻው አይጀምር፣ መጀመሪያ ሐኪም ያግኝ።

ስብስቡን ሙሉውን ከመግዛት አናቱን፣ ኮንደንሰሩንና መቀበያውን ለየብቻ የሚሸጥ ካለ እሱን ምረጡ። ከ500 ይልቅ የ1 ሊትር ፍላስክ ጨምሩበት፤ በኩራዙ ዋጋ ሰፋ ያለ የሸክላ ማቃጠያ ግዙ። ሙሉውን ሳጥን የገዛችሁም መመሪያውን ለመገጣጠም ያህል ተጠቀሙበት፤ የሙቀት ቁጥሩን ግን በምትኖሩበት ከፍታ ልክ አስተካክላችሁ ጠርዙ ላይ ጻፉበት።