ዋይ፣ ጄ 39፣ ሞለር ወይስ ኧርኮል? ያገለገለ የእንጨት ወንበር ለሚገዙ

የ1950ዎቹን የእንጨት ወንበር የሚያፈላልግ ሰው ሻጩን ቀድሞ የሚጠይቀው «ኦሪጅናል ነው?» ብሎ ነው። ለምግብ ጠረጴዛ፣ በየቀኑ ሊቀመጡበት ለሚገዙት ወንበር ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ መቀመጫው ከምን ተሠርቷል? ሲበላሽስ ማን ያድሰዋል? እንጨቱ በደንብ ከተያዘ ከገዢው ዕድሜ በላይ ይኖራል። ቀድሞ የሚያልቀው መቀመጫው ነው፤ አንዳንዴም ማሳደሻው ወንበሩ ከተገዛበት ይበልጣል። ከዚህ በታች የምናወዳድራቸው አራቱ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰልባጅ ገበያዎች ደጋግመው የሚታዩ ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዋይ እና ጄ 39

ሁለቱም የዴንማርክ ናቸው፤ ነዳፊዎቻቸውም ጓደኛሞች ነበሩ። ጄ 39ን ቦርገ ሞገንሰን በ1947 የነደፈው ለሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ለኤፍዲቢ ነው። ሐሳቡ ተራው ቤተሰብ የሚገዛው ጠንካራ ወንበር ማቅረብ ስለነበር ዴንማርኮች «የሕዝብ ወንበር» ይሉታል። ዋይን፣ በፋብሪካ ስሙ ሲኤች 24ን፣ ሃንስ ቬግነር በ1949 ነደፈው፤ ካርል ሃንሰን ኤንድ ሰን ደግሞ ከ1950 ጀምሮ እስከ ዛሬ ይሠራዋል። ስሙን ያገኘው ጀርባው ላይ እንደ ባላ ለሁለት ተከፍሎ የላቲኑን ዋይ (Y) ፊደል ከሚመስለው እንጨት ነው።

የሁለቱም መቀመጫ በወረቀት ሲባጎ የተጠለፈ ነው። ልዩነታቸው ክንድ ማሳረፊያው ላይ ነው፤ ዋይ አለው፣ ጄ 39 የለውም፤ ለገዢም ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። ዋይ 55 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ጄ 39 ከ50 በታች ነው። 180 ሴንቲ ሜትር በሚረዝም ጠረጴዛ በአንድ ጎን ሦስት ዋይ ቢደረደር 165 ሴንቲ ይይዛል። የጠረጴዛው እግሮች ከሁለቱም ጫፍ ገባ ብለው የቆሙ ከሆነ ሦስተኛው አይገባም። ሦስት ጄ 39 ግን ክርን ሳያጋጭ ይቀመጣል። የዋይ ክንድ ከወለሉ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ከጠረጴዛው ገጽ ስር የሚዞረው ጣውላ ሊያግደው ይችላል። ስለዚህ የጠረጴዛውን ከፍታ ሳይሆን ከዚያ ጣውላ ታች ያለውን ክፍተት ይለኩ። ከመቀመጫው እስከ ጠረጴዛው ገጽ ከ27 እስከ 30 ሴንቲ ሲኖር ለመብላት ይመቻል፤ ያረጁ ዋዮች መቀመጫቸው ከአሁኖቹ ዝቅ ስለሚል ሜትር ሳይዙ አይሂዱ።

አስመስሎ የተሠራ ዋይ ብዙ ነው። የሚያጋልጠው ክንድና መደገፊያ ሆኖ የሚዞረው ቀስት ነው። በትክክለኛው ላይ ቀስቱ በእንፋሎት የጎበጠ አንድ ወጥ እንጨት ስለሆነ የእንጨቱ መስመር ከአንዱ ክንድ ጫፍ ተነሥቶ ሳይቆረጥ እስከ ሌላው ይዘልቃል። ርካሹ ቅጂ ከሁለት ወይም ከሦስት ቁራጭ ይጋጠማል፤ መስመሩ በድንገት አቅጣጫ ሲቀይር በጣትዎ ጥፍር ሳይቀር ስፌቱን ያገኙታል። ማኅተም የለውም ብለው ብቻ ግን አይጣሉት፤ የወረቀት ምልክት በሰባ ዓመት ውስጥ ይረግፋል።

በጀት ለሚቆጥር፣ ብዙ ወንበር ለሚፈልግ ሰው ምርጫችን ያለ ጥርጥር ጄ 39 ነው። ቡና እየተጠጣ ሦስት ሰዓት ለሚቆይ ጨዋታ ግን ክንድ የሚያሳርፈው ዋይ ይሻላል።

ሲባጎውን መመርመር

የዴንማርክ ሲባጎ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሦስት ጭራው አንድ ላይ ተገምዶ የሚሠራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር ሣር ገመድ ሲጠፋ ምትክ ሆኖ ገባ፤ ከዚያም ቀረ። ለአንድ ዋይ ወደ 120 ሜትር ያህል ይፈጃል። ጥልፉ ከአራቱ ማዕዘን ተነሥቶ መሃል ላይ ስለሚገናኝ አራት ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል።

የሚያልቅበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ጭን የሚያሻሸው የፊት ጠርዝ፣ በተለይ ሁለቱ ማዕዘኖች። እዚያ ላይ አውራ ጣትዎን አሳርፈው ወደ ጎን ይግፉ። ጤነኛ ሲባጎ ድርቅ ብሎ ይቆያል፤ ያለቀው እንደ ጥጥ ይበተናል። ሲባጎው ከተበጠሰ ውጥረቱ ከዚያ ጀምሮ እየላላ ስለሚሄድ መጣፍ አያዋጣም፣ ሙሉ መቀመጫው ይጠለፋል። መጥቆሩ ብቻ ግን የዕድሜ ቀለም ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስ ካልሆነ በቀር አያሳስብም። የቀይ ወጥ ዘይት የጠጣ ሲባጎ ደግሞ በምንም አይለቅም። ለወትሮው ጽዳት በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል፤ በውሃ ከተዘፈዘፈ ወረቀቱ ያብጣል።

ሞለር 71 እና 78

ኒልስ ሞለር በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ አቅራቢያ ያለውን ፋብሪካ በ1944 አቋቋመ፤ ሞዴል 71 የ1951፣ ሞዴል 78 የ1962 ሥራዎች ናቸው። ከአራቱ በእጅ ሲዳሰሱ እነዚህን የሚያህል የለም። እግሩ ከመደገፊያው የሚገናኝበት ቦታ እንደ ተሞረደ አጥንት ለስልሶ ያልፋል፤ ቲክ የተባለው እንጨታቸውም ለዓመታት በእጅ ተሻሽቶ ማር ይመስላል።

ውበቱ ግን ዋጋ አለው። ጄ 39 እና ዋይ እግሮቻቸውን ከታች የሚያያይዝ አግዳሚ አላቸው፤ እነዚህ ሞለሮች የላቸውም። ስለዚህ ሰው ወደ ኋላ ሲንጋለል ጫናው ሁሉ የሚያርፈው የመቀመጫው ጎን ጣውላ ከኋላ እግር በሚጋጠምበት አንድ ነጥብ ላይ ነው። የላላ ሞለር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚላላው እዚያ ነው። የሲባጎው ጥልፍም ይለያል፤ በጣውላዎቹ ውስጠኛ ፊት በተደረደሩ የኤል ቅርጽ ሚስማሮች ላይ እየታጠፈ ስለሚሠራ ከዋይ ይልቅ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ የጠላፊውም ክፍያ ይጨምራል። ገልብጠው ሚስማሮቹን ይዩ። አንድ ወገን ተነቃቅለው በስቴፕል ከተተኩ ያለ ሙያው የገባ ሰው ነክቶታል ማለት ነው። የቆዳ ወይም የጨርቅ መቀመጫ ያላቸው ደግሞ ስፖንጃቸው ብዙውን ጊዜ ዱቄት ሆኗል።

ሮዝዉድ ከተባለው እንጨት የተሠራ ሞለር ሲያገኙ ቆም ይበሉ። የብራዚል ሮዝዉድ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዳልበርጂያ ኒግራ፣ ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሳይቴስ፣ አባሪ 1 ውስጥ ነው። ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለመሸጥም ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ዕቃዎን ጠቅልለው ሀገር ቤት ሊገቡ ካሰቡ ቲኩን ይውሰዱ።

ኧርኮል

የእንግሊዙ ኧርኮል መስራች ሉሲያን ኧርኮላኒ ነው። በ1944 መንግሥት 100,000 ርካሽ የኩሽና ወንበር አዘዘው፤ ቀጭን ዘንግ የተደረደረበት መደገፊያ ያላቸው የኋለኞቹ ወንበሮች ከዚያ ሥራ ተወለዱ። መቀመጫው ኤልም ከተባለ እንጨት የተሠራ ወፍራም ጣውላ፣ እግሩ ቢች የተባለ እንጨት ነው። የሚጠለፍ ሲባጎ፣ የሚቀየር ስፖንጃ የለም። ወጥ ፈሰሰ፣ ሕፃን ቆመበት፣ በጨርቅ ይጠረጋል። ልጅ ላለበት ቤት ሌሎቹን ሁሉ ትተን ይህን እንመክራለን፤ ደረቅነቱን ቀጭን ትራስ ያስታግሰዋል።

የእግሩ ጫፍ መቀመጫውን በስቶ ከላይ ይታያል፤ መሃሉ ላይ ሽብልቅ ተመትቶበታል። ሽብልቁ ከመቀመጫው ገጽ ከፍ ብሎ በጣት ከተሰማዎት እግሩ ላልቷል። ቢች ነቀዝ ይወዳል፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክብ ቀዳዳዎች ካሉ ወንበሩን በጥቁር ወረቀት ላይ መታ መታ ያድርጉት። ነጣ ያለ ትኩስ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ በሕይወት አለ፤ ቤት አያስገቡት። ከስር «ቢኤስ 1960» የሚል ማኅተም አይተው ደግሞ የ1960 ነው ብለው አይክፈሉ፤ የእንግሊዝ ስታንዳርድ ቁጥር ነው።

ሻጩ ቤት

ወንበሩን ጠፍጣፋ ወለል ላይ ያቁሙና አንድ እጅ መደገፊያው ላይ፣ አንድ ጉልበት መቀመጫው ላይ አድርገው ወደ ኋላና ወደ ጎን ይወዝውዙት። የሚንቀጠቀጥ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ክረምቱን ማሞቂያ ሲነድበት በከረመ ቤት እንጨት ይደርቃል፣ መጋጠሚያ ይከፈታል። የላላ መጋጠሚያ ይጠገናል። ሰንጥቅ ግን ሌላ ነው፤ በተለይ በመጋጠሚያው ምላሱ፣ ማለትም የአንዱ እንጨት ቀጭን ጫፍ፣ የሚገባበት ቀዳዳ ግድግዳው ከተሰነጠቀ ይተውት። ቪቴ ወይም የብረት ማዕዘን የተመታበትንም እንዲሁ፤ ብረቱ እንጨቱ እንዳይላወስ ስለሚያግደው በሚቀጥለው ደረቅ ወቅት አጠገቡ ይሰነጠቃል። በሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ የተሸፈነ ቲክ ሲያዩ ከስሩ የተሞላ ስብራት ሊኖር እንደሚችል ይጠርጥሩ።

የላላውን ሲያጣብቁ የተለመደው ስህተት አዲስ ኮላ በአሮጌው ላይ ማፍሰስ ነው። ኮላ የሚይዘው ባዶ እንጨት ሲጠጣው ነው። መጋጠሚያውን ለቀው፣ አሮጌውን በሞቀ ኮምጣጤ አለስልሰው፣ እስከ እንጨቱ ፍቀው፣ ሲደርቅ ቀብተው በሞርሳ 24 ሰዓት ይሰሩት። ሞርሳው እንደ ተጠመደ አራቱም እግር ወለል መንካቱን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ሲደርቅ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል።

ስድስት ሲገዙ ስድስቱንም ገልብጡ፤ ሻጭ ፎቶ ያነሳው ደህናውን ነው። ቲኩን ቤት ወስደው ዘይት ከቀቡት በኋላ ደግሞ የቀቡበትን ጨርቅ ጨብጠው ቅርጫት ውስጥ አይጣሉ። ሊንሲድ፣ ማለትም የተልባ ዘይት፣ ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ ይነዳል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት ወይም በውሃ ነክረው ይጣሉት።