ለአምስት ፐብሊክ አይፒ የቱ ራውተር ይሻላል?

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ «መልቲ ዋን» የሚል ራውተር ነው። ይሄ ሁለት ሦስት የኢንተርኔት መስመር ይቀበላል ማለት ነው። ብዙ ፐብሊክ አይፒ (ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ) ያለው ቢሮ የሚፈልገው ግን ሌላ ነው፦ በአንድ መስመር ብዙ አድራሻ የሚይዝ ራውተር። ስላሽ 29 (/29) የሚባለው ብሎክ፣ ማለትም በአንድ ላይ የሚሰጥ የአድራሻ ስብስብ፣ 8 አድራሻ አለው። ሁለቱ ለማሽን አይሰጡም፤ አንዱን ብዙውን ጊዜ የኢንተርኔት አቅራቢው ለጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት መውጫ በር) ይይዘዋል። የቀሩት 5ቱ የሚመጡት በአንድ ገመድ ነው። የተለመደው የቤት ራውተር ደግሞ ከአምስቱ አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው።

ቲፒ-ሊንክ ኢአር605 ለጀማሪ ይስማማል። ዋን ቱ ዋን ናቲንግ (አንድን ፐብሊክ አይፒ ከአንድ የውስጥ ማሽን ጋር ማጣመር) አለው፤ በብራውዘር ገብታችሁ አንዱን አይፒ ለአንድ ሰርቨር ትሰጣላችሁ። መስመሩ ግን በስታቲክ (በማይቀያየር) አይፒ የተዋቀረ መሆን አለበት። አንድ ሰርቨርና የካሜራ መቅጃ ብቻ ላለው ቢሮ ከዚህ በላይ ማውጣት አያስፈልግም።

እኔ የማዳላው ለማይክሮቲክ ሄክስ ነው። ባለ አምስት ጊጋቢት ፖርት ትንሽ ሳጥን ነው። አምስቱንም አድራሻ አንድ ፖርት ላይ ትደረድራላችሁ፤ የትኛው ማሽን በየትኛው አይፒ እንደሚወጣም ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ለኢሜይል ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሰርቨሩ በአንዱ አይፒ ተቀብሎ በሌላው ከላከ የሪቨርስ ዲኤንኤስ መዝገቡ (አይፒው የማን ስም እንደሆነ የሚናገረው) ላይገጥም ይችላል፤ ያኔ ለደንበኛ የላካችሁት ዋጋ ማቅረቢያ ስፓም ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ለኢሜይል ሰርቨሩ የራሱን የሶርስ ናቲንግ ሕግ (በየትኛው አይፒ እንደሚወጣ የሚወስነውን) ጻፉለትና ከማስከሬድ ሕጉ (ሁሉንም ማሽን በራውተሩ አይፒ ከሚያስወጣው) በላይ አስቀምጡት። ሕጎቹ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበቡት፤ ከሥር ከሆነ አይደረስበትም። ኔትወርክ ለማያውቅ ሰው ግን ሄክስ ይከብዳል። የሚያዋቅርላችሁ ባለሙያ ከሌለ አትግዙት።

ኦፒኤንሴንስ የተባለው የራውተርና የፋየርዎል (የማይፈለግ ግንኙነት የሚያግድ) ሶፍትዌር ሁለት የኔትወርክ ካርድ ባለው ሚኒ ፒሲ ላይ በነፃ ይጫናል። ሱሪካታ የተባለው የጥቃት መከታተያ አብሮት አለ። ሁለት ማሽን አጣምራችሁ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካ ማድረግም ይቻላል። በተለመደው አሠራር ግን ይህ ሦስት ፐብሊክ አይፒ ይፈልጋል፤ ከአምስት ላይ ሦስት ብዙ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት አቅራቢውን ጠይቁ፦ ብሎኩ የሚሰጠን መስመሩ ላይ በቀጥታ ነው ወይስ በሌላ አይፒ በኩል ሩት ተደርጎ (ወደ ራውተራችን ተመርቶ)? ሩት ከተደረገ ፐብሊክ አይፒውን ሰርቨሩ ራሱ ላይ መትከል ትችላላችሁ፤ ናቲንግ አያስፈልግም። ያኔ ዋናው ሥራ ፋየርዎል ስለሚሆን ሄክስን ወይም ኦፒኤንሴንስን ያዙ።