ማሽላ በሬዲዮ የሚዘራ መዝገበ ቃላት

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡት ከአንዱ ዘንድ በ450 ብር የገዛሁትን የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ሦስት ወር ያህል ሠርቼበታለሁ። ኅትመቱ ጥርት ያለ ነው፤ የየቃሉ አነባበብም በፊደላችን ተጽፏል።

ችግሩን ያየሁት ስለ ማሽላ አዘራር የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ ስተረጉም ነው። «ብሮድካስት» የሚለው ግሥ አጋጠመኝና ብገልጥ፣ መዝገበ ቃላቱ «በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን አሠራጨ» ብሎ ዝም አለ። ማሽላ በሬዲዮ! ቃሉ «ሰፊ» እና «ወረወረ» ከሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተገጠመ ሲሆን፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ዘርን በመስመር ሳይሆን በእጅ እየበተኑ መዝራትን ለመግለጽ ያገለግል ነበር። የሬዲዮ ሰዎች የተዋሱት ዘግይተው፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ገደማ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ዘሩን በጨርቅ ቋጥሮ በትከሻው አንግቶ፣ እፍኝ እየዘገነ በየእርምጃው ክንዱን ዘርግቶ ሲበትን ያየ ሰው፣ አንድ ድምፅ ሬዲዮ ወዳለበት ቤት ሁሉ መድረሱ ለምን በዚህ ቃል እንደተጠራ ወዲያው ይገባዋል። አማርኛችንም «በብተና መዝራት» የሚል የታወቀ አነጋገር አለው፤ አዘጋጆቹ አንድ የግብርና ባለሙያ ቢጠይቁ ኖሮ ባገኙት ነበር።

«ስካተር» እና «ዲስፐርስ» ደግሞ ሁለቱም «በተነ» ተብለው ታልፈዋል፤ ነገር ግን ጥራጥሬ መሬት ላይ ሲፈስስና የተሰበሰበ ሕዝብ ወደየቤቱ ሲሄድ አንድ አይደለም። «ዲስፐርስ» ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ በመሆኑ፣ የምድር ባቡር ፈረንሳይኛ የቀመሱ የድሬ አባቶች «ዲስፔርሴ» ቢባሉ ግር አይላቸውም። ከሁሉ የቆጨኝ «ዲያስፖራ» ነው፦ «በውጭ አገር የሚኖር» ይላል እንጂ፣ ቃሉ «ዘራ፣ በተነ» ከሚለው የግሪክ ግሥ መውጣቱን አይጠቅስም።

ለተማሪ ይበቃል፤ ለተርጓሚ ግን ብቻውን አልመክርም። ሙቀቱ ሙጫውን ስላላላው ከ«ኤስ» ወዲያ ያሉት ገጾች መላቀቅ ጀምረዋልና፣ የሚገዛ ሰው ጀርባውን አስቀድሞ ይፈትሽ። እኔ በጎማ አስሬ እየተጠቀምኩበት ነው።