ጎንደር ላይ "የድመት ወረቀት እናስጨርሳለን" ከሚሏችሁ ተጠንቀቁ

ከፒያሳ መመለሴ ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው፤ ከበረደ "ተዪው ባክሽ፣ ለድመት" የሚል አይጠፋም።

ቢሮዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። በሩ ላይ "ቪዛ፣ ትርጉም፣ ትኬት፣ ዲቪ" የሚል ባነር፣ ግድግዳው ላይ የአውሮፕላን ፎቶ፣ ጥግ ላይ ፕሪንተር፣ ጥቂት የፕላስቲክ ወንበሮች። ባለቤቱ ሰው የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። ግብርና ሚኒስቴር ዘመድ አለው፣ ቦሌ ጓደኛ አለው፣ ኤምባሲ የሚያውቀው ልጅ አለ። ስሙን አልጽፍም፤ በእንዲህ ያለ ቢሮ ያለፈ ሰው ግን ዓይነቱን አያጣውም።

ከጀርመን ጠቅልዬ ስመጣ ሁለት ድመቶቼን ይዤ ነው የመጣሁት። አንዷ ሽሮ፣ አንዷ ኑግ፤ ቀለማቸውን ከስማቸው ገምቱ። ቆዳቸው ሥር የተቀበረ የመለያ ቁጥር ያለበት ቺፕ አላቸው፣ ሰማያዊዋ የአውሮፓ የእንስሳት ፓስፖርትም አለቻቸው። መምጣቱ ቀላል ነበር። ጣጣው መመለሱ ላይ ነው። ሥራ ጠራኝና ልመለስ ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በእብድ ውሻ በሽታ ጉዳይ የአውሮፓ ህብረት ከሚያምናቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ ከዚህ የምትነሳ ድመት መጀመሪያ ቺፕ ይቀበርላታል፣ ከዚያ ትከተባለች፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሟ ይወሰዳል፣ ደሙም ህብረቱ እውቅና በሰጠው ላብራቶሪ ይመረመራል። ክትባቱ በደሟ ውስጥ የፈጠረው የመከላከያ መጠን በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዩኒት ማነስ የለበትም። ይህም ሆኖ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ 3 ወር መጠበቅ ግድ ነው። ድመቷ ከመከተቧ በፊት ተነክሳ ከሆነ በሽታው በዚያ ጊዜ ይገለጣል ተብሎ ነው። የጎንደርን የመንገድ ውሾች ላየ ሰው ሕጉ አይገርመውም።

ይህንን ሁሉ ለሰውዬው መጋቢት ላይ ነግሬዋለሁ። "እታለም፣ እሱ ድሮ ነው። አሁን አዲስ መመሪያ ወጥቷል፣ የተፋጠነ አገልግሎት አለ" ብሎ ስልኩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳየኝ። የፋሲካ ማግስት ትበሪያለሽ አለኝ። 50 ሺህ ብር ተስማማን፣ 30 ሺው ቀብድ በቴሌብር ሄደ። ደረሰኝ ስለው "ሲያልቅ አንድ ላይ" አለ።

በሳምንቱ አንድ ልጅ ቤት ላከ። የጀርመኑ ክትባት ጊዜው አልፎ ስለነበር መከተብ ነበረባቸው። ልጁ መድኃኒቱን ከጃኬት ኪሱ አወጣው። በረዶ የለ፣ የበረዶ ሳጥን የለ። "አሁን ከፍሪጅ ነው ያወጣሁት" አለኝ። ኑግን ወጋ፣ ሽሮን ወጋ፣ ሄደ። ደሙን ሌላ ቀን መጥተን እንወስዳለን ተባለ። አልመጡም። ስደውል "ተይዟል፣ አታስቢ"።

ዛሬ ጠዋት "ውጤቱ ከአውሮፓ ደርሷል፣ ነይ ውሰጂ" ተባልኩ። ፀሐፊዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል ሁለት ወረቀት ገፋ አደረገችልኝ። ሳነሳው ወረቀቱ ይሞቃል። ከአውሮፓ መጣ የተባለው የላብራቶሪ ውጤት ከፕሪንተሩ ከወጣ ደቂቃ አልሞላውም።

ቆሜ አነበብኩት። የሽሮ ውጤት 0.5። የኑግም 0.5። የቺፕ ቁጥሩ በ276 ይጀምራል፣ የጀርመን ነው፣ እሰየው አልኩ። ወደ ሁለተኛው ወረቀት ሳልፍ ግን 15ቱም አኃዝ አንድ ነው። ሁለት ድመት በአንድ ቺፕ። ወረድ ስል የእንስሳው ዓይነት የሚለው ላይ፣ ኑግ ስም ፊት ለፊት፣ "ውሻ" ይላል። የሆነ ሰው ውሻ ወረቀት ላይ የእኔን ድመት ስም ገልብጠው ቀሪውን መቀየር ረስተውታል።

ደም የተወሰደበት ቀን ደግሞ ጃንዋሪ 19። ቆጠርኩት፣ ጥር 11 ነው። ጥምቀት! ጎንደር ውስጥ በጥምቀት ዕለት፣ ከተማው በሙሉ ፋሲል መዋኛ ወርዶ፣ ማን ነው ቤት ለቤት እየዞረ የድመት ደም የሚወስደው? እኔ ቢሮውን የረገጥኩት ደግሞ መጋቢት ላይ ነው። ክትባቱም የመጋቢት ነው። ያልተከተበች ድመት ደም ተወስዶ የክትባቷ ውጤት ወጣ ማለት ነው። 3 ወሩን ለመሙላት ወደ ኋላ ቆጥረው የጻፉት ነው። ስለዚህ ሕጉን አሳምረው ያውቁታል፣ "አዲስ መመሪያ" የሚባል ነገርም አልነበረም።

"ደማቸው መቼ ነው የተወሰደው?" አልኳት።

"ተወስዷል።"

"ከየት?"

"ከድመቷ ነዋ።"

ወንበር ላይ የሚጠብቁት ልጆች ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች፣ ግን ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ነው። ድምፄ ከፍ ሲል ሰውዬው ከጓዳ ወጣ። ዓይኑን በጨው አጥቦ "ምን ጎደለ?" ይለኛል። ወረቀቱን ዘረጋሁለት፣ "ውሻ" የሚለውን በጣቴ አሳየሁት። እስክሪብቶ አንስቶ "ይቺን እናስተካክላለን" ብሎ ሊሰርዛት ጀመረ። የአውሮፓ ላብራቶሪ ውጤት፣ በቢሮ እስክሪብቶ! ከእጁ ነጠቅኩት።

እስከዚያ ድረስ "እታለም" ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ "ሴትዮ" ሆንኩ። "ሴትዮ፣ ድመት እኮ ነው። ፈረንጅ ቁጭ ብሎ የድመት ወረቀት አያነብም። ቢይዙብሽስ? እዚያም ድመት ሞልቷል፣ ሌላ ታነሻለሽ።" ልጆቹ አሁንም ሳቁ። ቀብዴን ስጠይቅ "ለላብራቶሪው ተከፍሏል" አለኝ። የትኛው ላብራቶሪ? መልስ የለም። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም ይላሉ፤ ይሄኛው ለመመንኮስ እንኳ አልሞከረም።

"ሌላ ታነሻለሽ" ያለው ነው ያንገበገበኝ፤ ከገንዘቡ በላይ። ፈረንጅ አያነብም ያለው ውሸት ነው። ቺፑን በማንበቢያ ያዩታል፣ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩታል። ካልተስማማ ወደ መጣችበት ይመልሷታል፣ ወይም በባለቤቷ ወጪ ለይተው ያቆይዋታል። ሌላ መንገድ ከጠፋ ይገድሏታል፤ ሕጋቸው ላይ በግልጽ ተጽፏል። እኔ በሐሰተኛ ሰነድ ስጠየቅ፣ እሱ ፒያሳ ማኪያቶውን ይጠጣል።

አሁን ትኬቴን አራዝሜያለሁ፣ ቅጣቱም ተከፍሏል። ለእናቴ ትቻቸው ልሂድ፣ በኋላ ይላኩልኝ እንዳልል፣ ባለቤቱና እንስሳው በ5 ቀን ልዩነት ውስጥ ካልተጓዙ እንደ ንግድ ዕቃ ነው የሚቆጠሩት፣ ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ክትባቱም እንደገና ነው። በጃኬት ኪስ የዞረ ክትባት ማን ያምናል? ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ የነበረበት ነገር ነው።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ፣ ከአውሮፓ ድመት ወይም ውሻ ይዛችሁ የምትመጡ፣ ለዘላለም ነው የምመጣው ብትሉም ደሙን እዚያው አስመርምራችሁ ፓስፖርቱ ላይ አስጽፉ። ክትባቱ ካልተቋረጠ ስትመለሱ 3 ወሩ አይጠብቃችሁም። ከዚህ የምትነሱ ደግሞ ደሙ ዓይናችሁ እያየ ይወሰድ፣ የላብራቶሪውን ስም ጠይቁና ራሳችሁ ጻፉላቸው። የእንስሳት ሐኪም የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ የድመት ጉዳይ ዲቪ ቤት አትውሰዱ። በቃ።

ወረቀቶቹ እኔ ጋ ናቸው፣ የቴሌብሩም መልእክት አለ። ነገ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ። ከዚህ ዓይነት ቢሮ የውሻ ወረቀት ያሠራችሁ ካላችሁ ከመብረራችሁ በፊት የደሙን ቀንና የቺፑን ቁጥር ተመልከቱ። ጃንዋሪ 19 የሚል ካገኛችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እንክሰስ።