ሳልቡታሞል፣ ስቴሮይድ ወይስ ጥምሩ? ለአስም የሚሳቡ መድኃኒቶች ንጽጽር

በአስም ጊዜ የአየር ቧንቧ የሚጠበው በዙሪያው ያለው ጡንቻ ሲኮማተር፣ የውስጥ ግድግዳው ተቆጥቶ ሲያብጥና አክታ ሲሞላው ነው። ኢንሄለር (መድኃኒቱ በአፍ የሚሳብበት መሣሪያ) ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት፣ መድኃኒቱ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚፈታ ይሁን።

ሳልቡታሞል ጡንቻውን ያላላል። ትከሻውን ሰቅሎ፣ ደረቱ እያፏጨ፣ አንድ ቃል ተናግሮ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው በ5 ደቂቃ ገደማ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ይጀምራል። እፎይታው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። የሚያታልለውም ይኸው ፍጥነቱ ነው፤ እብጠቱ ሳይነካ ታማሚው የዳነ ይመስለዋል። በዓመት 3 ወይም ከዚያ በላይ የሳልቡታሞል ኢንሄለር የሚጨርስ ሰው ለብርቱ ጥቃት የመጋለጥ ዕድሉ ይጨምራል። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያም ከ2019 ጀምሮ አዋቂዎችና ታዳጊዎች በሳልቡታሞል ብቻ እንዳይታከሙ ይመክራል።

ቤክሎሜታዞን፣ ቡዴሶናይድና ፍሉቲካዞን የሚባሉት ስቴሮይዶች ደግሞ ሲሳቡ ወዲያው የሚሰማ ነገር የላቸውም። እብጠቱን የሚቀንሱት በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተዋቸው በዚህ የተነሳ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ጥቃቱን ከሥሩ የሚያስቀሩት እነሱ ናቸውና። ከተሳቡ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት የአፍ ፈንገስን ይከላከላል።

ጥምር መድኃኒቶች ስቴሮይድንና ጡንቻ የሚያላላ ሌላ መድኃኒትን በአንድ ላይ የያዙ ናቸው፤ ስታነጻጽሯቸው የሁለተኛውን መድኃኒት ስም አንብቡ። ፎርሞቴሮልም ሳልሜቴሮልም 12 ሰዓት ያህል ይቆያሉ፤ ነገር ግን ፎርሞቴሮል በደቂቃዎች ውስጥ ሲሠራ ሳልሜቴሮል ይዘገያል፣ ስለዚህ ለድንገተኛ ጥቃት አይሆንም። ሁለቱም ለአስም ያለ ስቴሮይድ አይወሰዱም። ምርጫው ለእኔ ቢተው፣ ለአዋቂ ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል በአንድ ላይ ያሉበትን አስቀድማለሁ፤ እፎይታ በተፈለገ ቁጥር የእብጠቱ መድኃኒትም አብሮ ይገባል። የሚወስነው ግን ሐኪም ነው።

መሣሪያውም ይለያያል። የሚረጨው ዓይነት በዝግታ ተስቦ ትንፋሽ ለ10 ሰከንድ ያህል ይያዝበታል፤ መርጨቱንና መሳቡን ማቀናጀት የሚያስቸግረው ሰው ስፔሰር (በኢንሄለሩና በአፍ መካከል የሚገጠም ባዶ ቱቦ) ይግዛ። የዱቄቱ ዓይነት በኃይልና በፍጥነት መሳብ ስለሚፈልግ ለትንንሽ ልጆች አይመችም። ከመክፈላችሁ በፊት አሳሳባችሁን ለፋርማሲ ባለሙያው አሳዩትና ያርማችሁ። ሳልቡታሞል ተወስዶ ትንፋሹ ካልተሻለ ወይም ከንፈር ከጠቆረ፣ ሌላ መድኃኒት ፍለጋ ጊዜ ሳታባክኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ።