መድኃኒት አልሸጥም ላለችን ፋርማሲስት ምስጋና

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ጥቆማ አለኝ። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ፋርማሲ ሞክሯት። ፋርማሲስቷ ስሜን እንዳትጽፊ ስላለች አልጽፈውም። ምስጋናዬ ግን ይድረሳት።

እማዬን ጉልበቷን ያማታል። ሁዳዴ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እህል ሳትቀምስ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻዋን በውሃ ዋጥ ታደርጋለች። ጨጓራዋ ሲያቃጥላት ጥፋተኛው ሽሮው ነው። ሌላ እሽግ ልንገዛ ስንሄድ ልጅቷ «እማማ፣ ይሄንንስ አልሸጥልዎትም» አለቻት። እንዲህ የሚል ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚያ የእማዬን የነጠላ ጫፍ ይዛ ጭምድድ አደረገችው። «የጨጓራና የአንጀት ሽፋን ሴሎች ሲጎዱ ውስጣቸው ያለው ፕሮቲን እንዲህ ይሆናል።» መልሳ በእጥፉ እያስተካከለች ደግሞ «ይሄን የሚሠሩ ጠባቂ ፕሮቲኖች አሉ» አለች። ሂት ሾክ ፕሮቲን ይባላሉ። ሴሉ በሙቀት ወይም በመርዛማ ነገር ሲጨነቅ በብዛት ያመርታቸዋል። ቅርጹ የተበላሸውን ፕሮቲን ይዘው ያቃናሉ፣ የማይቃናው እንዲወገድ ያግዛሉ። የሴሎቹ መጋጠሚያም እንዳይላላ ይረዳሉ። (ቤት ገብቼ ሳነብ ነገሩ የተጀመረው በዝንብ ነው። ሪቶሳ የሚባል ጣሊያናዊ፣ ሙቀት የበዛባቸው የፍራፍሬ ዝንቦች ክሮሞዞም ቦታ ቦታው ላይ አብጦ አየና እ.ኤ.አ. በ1962 ጻፈው።)

«ታዲያ ጠባቂ ካለልኝ ምን ቸገረኝ ልጄ?» አለች እማዬ። እሷ ለመልስ አትቸገርም።

ልጅቷም አልተቸገረችም። ዳይክሎፌናክ ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ኬሚካል ይቀንሳል። ጨጓራን ከአሲድ የሚከልለው ዝልግልግ ልባስ የሚመነጨው፣ ደምም እንደልብ የሚደርሰው በእሱ እገዛ ነው። ልባሱ ሳስቶ ክኒኑ በየቀኑ ሲጨመር ጠባቂዎቹም አይችሉትም። ስለዚህ ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ እንድትመረመር፣ ጉልበቷንም ሐኪም እንዲያየው ጤና ጣቢያ ላከችን። ምንም ሳትሸጥልን!

ሽሮውም በነጻ ተለቀቀ። የጥራጥሬና የአትክልት ፋይበር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ቡቲሬት ወደሚባል አሲድ ይለውጡታል። ቡቲሬት ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ ባደጉ የአንጀት ሴሎች ላይ እነዚህን ጠባቂዎች ሲያበዛ ታይቷል። ልጅቷ «ሽሮ ያድናል» አላለችም፣ ይሄንንም ወድጄላታለሁ።

ለሁሉም እንዲህ ስለምታስረዳ ሰልፉ ይረዝማል፤ ከቸኮላችሁ ጠዋት ሂዱ። ቦታው የጠፋባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።