ሸራዬን አንድም ቀን ሳይነኩ ላስተማሩኝ ጋሼ

ይሄን ምስጋና ለመጻፍ ሥዕሉ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። የዘይት ቀለም ደግሞ ቶሎ አይደርቅም፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት።

አስመስዬ እየሳልኩ ልማርበት የመረጥኩት ሥዕል ለጀማሪ የሚመከር አልነበረም። የሩሲያው የባሕር ሠዓሊ ኢቫን አይቫዞቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1848 የሳለው የቼስማ የባሕር ውጊያ ነው። በ1770 የሩሲያ መርከቦች የኦቶማንን መርከቦች በሌሊት ሲያቃጥሉ ያሳያል። ባሕሩ ላይ እሳት፣ ከላይ በደመና መሃል ጨረቃ። ወደድኩት፣ በቃ።

ከጋሼ በፊት ሌላ አስተማሪ ሞክሬ ነበር። ስሳሳት ብሩሹን ከእጄ ይቀበለኝና ራሱ ይጨርሰዋል። ሥዕሉ ያምራል፤ የኔ ግን አይደለም። ሰው "ጎበዝ!" ሲለኝ የምገባበት ይጠፋኝ ነበር።

ጋሼ ሸራዬን አይነኩም። የሚያሳዩኝ ነገር ካለ ቁራጭ ካርቶን ላይ ያሳዩኛል። ከዚያ "በል፣ አንተ ሞክረው" ብለው ወንበራቸው ላይ ቁጭ ነው።

መጀመሪያ ምስሉንም ሸራውንም እኩል በአራት ማዕዘን ከፋፍዬ በከሰል ነደፍኩ። እሳቱን ልጀምር ስል "እሳቱን እርሳው፣ ጨለማውን አምጣልኝ" አሉኝ። ጥቁሩን ቀለም ከሳጥኔ አውጥተው ኪሳቸው ከተቱት! ሦስት ሳምንት ሙሉ አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር ቡናማ እየደባለቅኩ ጨለማ ስፈጥር ከረምኩ። ሰማያዊው ሲበዛ የጨረቃዋ ሰማይ ቀዘቀዘ። ቡናማው ሲበዛ በእሳቱ ዙሪያ ያለው ጭስ ሞቀ። ጥቁር ብቻውን ይሄን አያደርግም።

እሳቱ ጋ ስደርስ ነጭ አበዛሁ። ጋሼ ጠጋ ብለው አዩና "ይሄ እሳት ነው ጥጥ?" አሉ። ለካ ነጭ ሲቀላቀል ቀለሙን ያቀዘቅዘዋል። ፍቄ አነሳሁትና ከቀይ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ሄድኩ፤ ነጩን መሃሉ ላይ ጠብታ ብቻ። የሦስት ሳምንቱ ጨለማ የገባኝ ያኔ ነው። እሳቱ የሚያበራው አጠገቡ ባለው ጨለማ ልክ ነበር።

የታችኛው የቀለም ሽፋን በተርፔንታይን ይቀጥናል፣ የተልባ ዘይቱ ወደ ላይ እየበዛ ይሄዳል። ከተገላበጠ የላዩ ቀድሞ ይደርቅና ኋላ ይሰነጠቃል። ይሄን መቶ ጊዜ ሳይነግሩኝ አይቀሩም።

የመርከቦቹ ገመዶች ደግሞ ላብ አስጠምቀውኛል። ሪገር የሚባል ጸጉረ ረጅም ቀጭን ብሩሽ አለ፤ ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ከመርከብ ገመድ ነው። እጄ ሲንቀጠቀጥ ጋሼ ዱላ አምጥተው አስደገፉኝ። አንዱ ገመድ ትክክል ቦታው ላይ አልሆን ብሎኝ ስበሳጭም ሳቁብኝ። አይቫዞቭስኪ የተወለደው በ1817፣ ከውጊያው 47 ዓመት በኋላ ነው። ባሕርንም የሚስለው ስቱዲዮው ገብቶ ከትዝታው ነበር። "እሱም አላየውም፣ አንተ ምን ያስጨንቅሃል?" አሉኝ።

እንከናቸው ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ ስልክ ቶሎ አያነሱም፤ ምስጋናም ይቆጥባሉ። በአንድ ጊዜ ከሁለት ተማሪ በላይ አይቀበሉም። ይሄንን ለመጻፍ ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ፤ አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

የጨረስኩ ቀን ሥዕሉን አቆምኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። "የግራው መርከብ ምሰሶ ተጣሟል" አሉ። እውነትም ተጣሟል።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።